ባክቴሪያው፣ ደም ቅዳው እና የፋርማሲው መስኮት

«የደም ሥር እብጠት የሚመጣው በባክቴሪያ ነው፤ አንቲባዮቲክ የወሰደ ይድናል» የሚል ነገር ስልካችሁ ላይ ደርሶ ከሆነ፣ ለሌላ ሰው ከማስተላለፋችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ድፍን ውሸት ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ግማሽ እውነት ግን ሰውን ከአልጋው አስነስቶ ፋርማሲ ያደርሰዋል።

እኔ የምኖረው አያት ነው። ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ ወርዳችሁ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ስትገቡ መንገድ ዳር የምታዩዋቸው ፋርማሲዎች ከዳቦ ቤቶቹ ቁጥር ብዙም የሚያንሱ አይመስሉኝም። መብዛታቸውን አልጠላም። ሌሊት ልጅ ሲያተኩሰው ቅርብ ፋርማሲ ማግኘት በረከት ነው። የሚያሳስበኝ አንዳንዴ በመስኮቱ በኩል የምሰማው ንግግር ነው። «ሲፕሮ አለ?» «አለ።» «አሥር ፍሬ ስጪኝ።» አለቀ! ማዘዣ የለ፣ ዕድሜ የለ፣ «ምን ሆነህ ነው?» የሚል የለ። ሲም ካርድ ለማውጣት እንኳ ከዚህ የበለጠ እንጠየቃለን።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ላንሳ። አንደኛ፣ ባክቴሪያ እውነት ደም ቅዳችንን ያበላሻል ወይ? ሁለተኛ፣ ያበላሻል ብንል እንኳ መፍትሔው በራሳችን ትዕዛዝ የምንገዛው ክኒን ነው ወይ? ለመጀመሪያው የእኔ መልስ «አንዳንዴ፣ አዎ» ነው። ለሁለተኛው ግን «በፍጹም»። እንዲያውም በግምት የሚዋጠው ክኒን እውነተኛውን ጥፋተኛ ባክቴሪያ ይደብቅልናል ብዬ ነው የምከራከረው።

ለመሆኑ አኑሪዝም ምንድን ነው?

ከልብ ደም ተሸክመው ወደ ሰውነታችን የሚሄዱት ቧንቧዎች ደም ቅዳ ይባላሉ። ትልቁ አኦርታ ነው። ከልብ ወጥቶ፣ እንደ ከዘራ እጀታ ጎንበስ ብሎ፣ በደረትና በሆድ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ሆድ ውስጥ ሲደርስ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ሲደክም፣ እንደ አሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ እዚያው ላይ ያብጣል። ይኼ እብጠት ነው አኑሪዝም የሚባለው። ሆድ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አኑሪዝም ተብሎ ይመዘገባል፤ ወንድ ላይ 5 ነጥብ 5 ሲደርስ ሐኪሞች ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይጀምራሉ።

ክፋቱ ዝምታው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያሳክክም፣ ከሥራ አያስቀርም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ሲነሱ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ የሚታወቀው ሲፈነዳ ነው። ሲፈነዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሰጥም።

አልበርት አንስታይን የሞተው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሩዶልፍ ኒሰን የሚባል ቀዶ ሐኪም ሆዱን ከፍቶ ያበጠውን አኦርታ በሴሎፎን ጠቀለለለት። አዎ፣ ዕቃ በምንጠቀልልበት ሴሎፎን! የዘመኑ ዘዴ እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ከስድስት ዓመት በላይ ኖረ፤ በሚያዝያ 1955 ግን እብጠቱ ፈነዳ።

ለዚህ በሽታ ማን ይጋለጣል? ሲጋራ ያጨሰ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ወንድ የሆነ፣ ደም ግፊት ያለበት፣ በቤተሰቡ ውስጥ ተመሳሳይ ታሪክ ያለ። በተለይ ሲጋራ። እዚህ ዝርዝር ውስጥ ባክቴሪያ የለም። ታዲያ ወሬው ከየት መጣ?

ከጨጓራ የተማርነው

ከጨጓራ ነው የመጣው ብል አትሳቁብኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ኤች ፓይሎሪን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ግማሹ ቢሮ «ጨጓራዬ» ሲል ነው የሚውለው። ድሮ ግን የጨጓራ ቁስል ሲባል የሚከሰሰው ጭንቀትና በርበሬ ነበር። ባሪ ማርሻል የተባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን እንደ ሽሮፕ ጠጥቶ ራሱን አሳመመ። የሚያምነው ሲያጣ በራሱ ሆድ አሳየ ማለት ነው። እሱና ሮቢን ዋረን በ2005 ኖቤል ተሸለሙ።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች በየበሽታው ጀርባ የተደበቀ ባክቴሪያ መፈለግ ጀመሩ። ደግሞም ተገቢ ነበር። ጨጓራ ላይ የተሳሳትን ልብና ደም ቧንቧ ላይስ ተሳስተን ቢሆን? ክላሚዲያ ኒሞኒዬ የምትባል የሳንባ ባክቴሪያ ተጠረጠረች። (በግብረ ሥጋ ከምትተላለፈው ክላሚዲያ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።) በታመሙ የደም ቅዳ ግድግዳዎች ውስጥ ምልክቷ ተገኘ። የፊንላንድ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2013 አንጎል ውስጥ ከፈነዱ አኑሪዝሞች የተወሰዱ 36 ናሙናዎችን መርምረው፣ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የባክቴሪያ ዲኤንኤ እንዳገኙ አሳተሙ፤ ብዙው አፍ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች የመጣ ነበር።

እንዲህ ዓይነቱን ዜና ያነበበ ሰው «በቃ፣ ተገኘ!» ቢል አይፈረድበትም። ግን ቤት ሲቃጠል በቦታው የተገኘ ሁሉ እሳት ለኳሽ አይደለም። የታመመ ግድግዳ ባክቴሪያ የሚሸሸግበት ስንጥቅ አለው። ባክቴሪያው ነው ቧንቧውን ያሳመመው ወይስ የታመመው ቧንቧ ነው ባክቴሪያውን ያስጠለለው? ይኼን የሚለየው ሙከራ ነው።

ሙከራውም ተደረገ። ዴንማርክ ውስጥ 92 ወንዶች ላይ በተደረገና በ2001 በታተመ ሙከራ፣ ለ28 ቀን ሮክሲትሮማይሲን የወሰዱት ሰዎች እብጠት በመጀመሪያው ዓመት ቀስ ብሎ አደገ። ተስፋው ጨመረ። በልብ ሕመም ላይም እንዲሁ ተሞከረ፤ በ2005 በታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከ4000 በላይ ሕሙማን አዚትሮማይሲን ወይም አስመሳይ ክኒን ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ ወሰዱ። በሁለቱ ወገኖች መሀል ለውጥ አልተገኘም። በመጨረሻም አሜሪካ ውስጥ ትንሽ የሆድ አኑሪዝም ያለባቸው ሰዎች ለሁለት ዓመት ዶክሲሳይክሊን ተሰጣቸው። ይኼ መድኃኒት ከባክቴሪያ ገዳይነቱ በተጨማሪ የቧንቧውን ግድግዳ የሚበሉ ኢንዛይሞችን ያዳክማል ተብሎ ታስቦ ነው። ውጤቱ በ2020 ወጣ። መድኃኒቱን የወሰዱት እብጠት በአማካይ በ0.36 ሴንቲ ሜትር አደገ። አስመሳይ ክኒን የወሰዱትስ? በ0.36 ሴንቲ ሜትር። እኩል በእኩል።

እንግዲህ ለተለመደው የሆድ አኑሪዝም፣ ማለትም ሲጋራና ዕድሜ ለሚያመጡት፣ አንቲባዮቲክ መፍትሔ ሆኖ አልተገኘም። ያ ስልካችን ላይ የሚዞረው መልእክት ይቺን የመጨረሻዋን ምዕራፍ ነው የዘለላት። መላምቱን ይዞ ፈተናውን ትቶታል።

ባክቴሪያው በእርግጥ ጥፋተኛ ሲሆን

አሁን ደግሞ የወሬውን እውነተኛ ግማሽ ላንሳ። ባክቴሪያ ደም ቅዳን እንደሚበላ ያለ ጥርጥር የታወቀባቸው ሁኔታዎች አሉ።

አንዱ ቂጥኝ ነው። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ደረት ውስጥ ያለው አኦርታ ላይ አኑሪዝም ከሚያመጡት ዋነኞቹ አንዱ እሱ ነበር። ባክቴሪያው የአኦርታን ግድግዳ የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያቆስልና፣ ከመጀመሪያው ሕመም ከ10 እስከ 30 ዓመት ቆይቶ ግድግዳው ይለጠጣል። ዛሬ ቂጥኝ በደም ምርመራ ይለያል፣ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። የነፍሰ ጡር ክትትል ላይም ይመረመራል። እኛ ግን ቃሉን ስድብ አድርገነዋል። ሰው የሚያፍርበትን በሽታ አይመረመርም፤ ያልተመረመረ ደግሞ አይታከምም።

ሁለተኛው በቀጥታ የተመረዘ አኑሪዝም ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ዊሊያም ኦስለር የተባለው ታዋቂ ሐኪም ልቡ በባክቴሪያ የተመረዘ፣ አኦርታው ላይም እብጠቶች የተገኙበት ሰው ታሪክ አቅርቦ፣ የእብጠቱ መነሻ እንደ ፈንገስ የበቀለ ነገር ስለመሰለው «የፈንገስ አኑሪዝም» አለው። ፈንገስ አልነበረም፤ ባክቴሪያ ነው። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ከአኦርታ አኑሪዝሞች ሁሉ ጥቂቱ፣ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ገደማ ነው። ግን በፍጥነት ያድጋል፣ በፍጥነት ይፈነዳል። ከሚያመጡት መሀል ስታፊሎኮከስ እና ሳልሞኔላ ይገኙበታል። አልፎ አልፎ ቲቢም፣ ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴላም። ቁርጥና ጥሬ ወተት ለምንወድ ሰዎች ይቺ ትንሽ ታቁነጠንጣለች፤ ወተቱን ማፍላት ግን ማንንም አልጎዳም።

ሦስተኛው መንገድ ደግሞ የእኛው አገር ነው፤ ስለሱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራ።

ከጉሮሮ እስከ ደም ቅዳ

አንድ ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል። እናት «ቶንሲል ነው» ትላለች፤ አያት ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ይላሉ። ዝንጅብልና ማር ይሰጠዋል፣ በሳምንቱ ይድናል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ስለሆነ በእርግጥም በራሱ ይድናል። አንዳንዱ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ ትኩሳት ሲኖርና አንገት ላይ እጢ ሲያብጥ፣ ሳል ደግሞ ሲጠፋ ይጠረጠራል። ሳይታከም ሲቀር ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የልጁ የራሱ መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የልብን በሮች ማጥቃት ሊጀምር ይችላል። የሩማቲክ የልብ ሕመም ይኼ ነው።

እዚህ አገር ሩቅ ወሬ አይደለም። ጅማ ውስጥ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን 2000 ያህል ተማሪዎች ልብ በአልትራሳውንድ የመረመረና በ2015 የታተመ ጥናት፣ ከሺህ 30 ያህሉ ላይ የዚህን ሕመም ምልክት አግኝቷል። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ይኼን በሽታ ለማጥፋት የተስማሙበት ሰነድ ስሙ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአዲስ አበባ መግለጫ። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ መርጃ ማዕከልን የመሠረቱት፣ በኋላም ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል የተከፈተው ልባቸው የታመመ ልጆች ወረፋ ስለበዛ ነው። ከእነዚያ ልጆች የብዙዎቹ ታሪክ የሚጀምረው ከጉሮሮ ሕመም ነው።

«እሺ፣ ግን ይኼ የልብ በር እንጂ ደም ቅዳ አይደለም» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። መንገዱ ግን እዚያ አያበቃም። የተጎዳ የልብ በር ሸካራ ነው። ከተበላሸ ጥርስ፣ ከሚደማ ድድ ወይም ከቆዳ ቁስል ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ እዚያ ሸካራው ላይ ይሰፍራል። ይበቅላል። ከበቀለው ላይ ቁራጭ ተገንጥሎ በደም ይጓዝና አንጎል ውስጥ ወይም ሌላ ቦታ ያለ ደም ቅዳ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ያቆስለዋል። የቆሰለው ግድግዳ ያብጣል። ኦስለር ያየው ዓይነት እብጠት ማለት ነው። ከጉሮሮ ወደ ልብ በር፣ ከልብ በር ወደ ደም ቅዳ። ባክቴሪያና አኑሪዝም በእኛ አገር የሚገናኙበት ዋነኛ መንገድ ይኼ ይመስለኛል፤ መጀመሪያው ላይ ደግሞ በርካሹ ፔኒሲሊን ሊዘጋ ይችል ነበር።

ክኒኑ ጥፋተኛውን ሲደብቅ

የክርክሬ ልብ እዚህ ጋ ነው። የልቡ በር ላይ ባክቴሪያ የበቀለበት ሰው መጀመሪያ ምን ይሰማዋል? ትኩሳት፣ ላብ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት። ይኼ ምልክት ያለው ሰው እኛ ሰፈር ምን ይባላል? «ታይፎይድ ታይፈስ ነው።» አያትም ሆነ መርካቶ፣ ትኩሳት ያለው ሰው ዕጣው ይቺው ናት። ደሙ በጣት የሚቆጠር ደቂቃ በሚወስድ ምርመራ ይታያል፣ «ፖዘቲቭ» ይባላል፣ መድኃኒት ይታዘዛል። ያ ዊዳል የሚባለው ምርመራ አሁን ያለንን በሽታና ድሮ አልፎን የሄደውን በደንብ እንደማይለይ ሐኪሞቹ ራሳቸው ያውቁታል። ብዙዎቻችን ደግሞ ምርመራውንም ዘለን ቀጥታ ወደ መስኮቱ ነው፤ «ያው ያለፈው ታይፎይዴ ነው የተነሳብኝ» ብለን።

ሲፕሮው ይዋጣል። ሦስት ቀን ትኩሳቱ ይበርዳል። «ተሻለኝ» ይባልና የተረፈው ፍሬ ለሚቀጥለው ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። በሳምንቱ ትኩሳቱ ይመለሳል። ሰውየው አሁን ሆስፒታል ሲሄድ ሐኪሙ ደሙን ወስዶ ባክቴሪያውን ለማብቀል ይሞክራል፤ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት የሚታወቀው በዚህ ነው። ግን አይበቅልም። በግማሹ የተዋጠው ክኒን ባክቴሪያውን አልገደለውም፤ አደንዝዞ ደብቆታል እንጂ። ምርመራው «ምንም የለም» ይላል፤ ባክቴሪያው ደግሞ በሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። የልብ በር መመረዝ ኖሮ የደም ምርመራው ባዶ ከሚሆንባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ቀድሞ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ደግሞ መደበቂያውን በብር እየገዛን ነው።

ይኼ ሕመም በአሥር ፍሬ አይድንም። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚሰጥ፣ በደም ሥር የሚገባ፣ ለዚያው ባክቴሪያ የተመረጠ መድኃኒት ይፈልጋል። ስለዚህ «ባክቴሪያ ደም ቅዳን ይጎዳል» የሚለውን እውነት በቁም ነገር የወሰደ ሰው፣ የመጀመሪያ ሥራው ክኒን መግዛት ሳይሆን ባክቴሪያውን ማስለየት ነው።

ሲፕሮም የራሱ ታሪክ አለው

ሌላም ነገር አለ። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 እነዚህ መድኃኒቶች ጅማት ሊበጥሱ እንደሚችሉ፣ በተለይ የተረከዝን ጅማት፣ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዘዘ። ሯጭ አገር ነንና ይቺን ልብ በሉልኝ። ጅማትም የአኦርታ ግድግዳም ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ኮላጅን ከሚባል ነገር ነው። በታኅሣሥ 2018 ያው ተቆጣጣሪ አካል ሌላ ማስጠንቀቂያ አወጣ፦ እነዚህ መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰዎች ላይ አኦርታ የመቀደድና የመፈንዳት አደጋን ይጨምራሉ፤ ስለዚህ አኑሪዝም ላለባቸው ወይም ለሚያሰጋቸው፣ ለምሳሌ ደም ግፊት ላለባቸውና ለአረጋውያን፣ ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ አይሰጡ።

እንዳላስደነግጣችሁ መጠኑንም ልንገራችሁ። በጠቅላላው ሕዝብ ላይ አኑሪዝም የሚከሰተው በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 9 ያህሉ ላይ ነው፤ በጣም በሚያሰጋቸው ሰዎች ላይ ግን እስከ 300 ይደርሳል ብሏል ተቆጣጣሪው። ለጤነኛ የ22 ዓመት ወጣት አደጋው ትንሽ ነው። ሐኪም አይቶ፣ አስቦ፣ ሲፕሮ ያዘዘለት ሰው እኔን ሰምቶ እንዳያቋርጥ! ለብዙ ሕመም ሲፕሮ ሕይወት አዳኝ ነው። እኔ የምለው፣ በመስኮቱ በኩል የሚገዛው ሰው ደም ግፊት ይኑርበት አይኑርበት የሚጠይቀው የለም ነው። ለራሳችሁ ብቻ እንደማትገዙም አስታውሱ። «ለአባዬ ነው፣ ሆዱን አሞት» ብላችሁ የምትወስዱት ለ68 ዓመት፣ ደም ግፊት ላለበት፣ በወጣትነቱ ሲጋራ ላጨሰ ሰው ነው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በትክክል ለእሱ ነው። ስሙ ብቻ ነው የቀረው።

«ታዲያ ደሀ ምን ይሁን?»

ይኼን የሚለኝ ሰው ተሳስተሃል አልለውም። የግል ክሊኒክ ካርድ ብር ያስወጣል። ጤና ጣቢያ ወረፋ አለው፤ የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ወረፋ ላይ ከዋለ የዚያ ቀን ገቢው ቀረ። ፋርማሲስቷ ደግሞ ቅርብ ናት፣ ትሰማለች፣ ገንዘብ አትጠይቅም። ለብዙ ሰው የመጀመሪያዋ ሐኪም እሷ ናት። ቤት አከራዩ ወሩን የሚቆጥርባት ባለሱቅ ደግሞ ሽያጭ ትፈልጋለች፤ «አልሸጥም» ብትል ሰውየው አሥር እርምጃ ተራምዶ ሌላ ጋ ይገዛል። ስለዚህ ይኼን በወጣቱ ወይም በፋርማሲስቷ ስንፍና ብቻ ማሳበብ ቀልድ ነው። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ የሚከለክለው ሕግ አለ። ሕጉ መስኮቱ ድረስ እንዲመጣ ማድረግ የተቆጣጣሪው ሥራ ነው፤ ጤና ጣቢያው ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣም እንዲያገኘው ማድረግ የመንግሥት ሥራ ነው።

ግን የርካሹን ዋጋ እንቁጠረው። አሥር ፍሬ ገዝቶ፣ ተሽሎት፣ ተመልሶበት፣ እንደገና ገዝቶ፣ በመጨረሻ ሆስፒታል አልጋ ላይ ለሳምንታት የተኛ ሰው ምን አተረፈ? ደግሞም ዋጋውን እሱ ብቻ አይከፍልም። በግማሽ የተዋጠ መድኃኒት ባክቴሪያን መድኃኒቱን ያስለምደዋል፤ የለመደው ባክቴሪያ ደግሞ በአንድ ታክሲ ከመገናኛ አያት አብሮን ይሳፈራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞቱ ተገምቷል። ይኼ ሕመም ገና የምንፈራው የነገ አደጋ አይደለም።

ስልኩ እጃችን ላይ ነው

እናንተ ከእኛ በፊት ከነበረው ትውልድ የምትለዩበት አንድ ነገር አለ፦ ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚፈልገው፣ የሚያነበው፣ የሚገዛው ወጣቱ ሆኗል። እማዬ «እስቲ ስልክህ ላይ እየው» ትላለች። ያ ሥልጣን ነው። ስለዚህ ጥቂት ነገር ልለምናችሁ።

ትኩሳት ከጥቂት ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ሄዶ ከተመለሰ፣ አንቲባዮቲክ ከመግዛታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቀድማችሁ የወሰዳችሁት ካለ ስሙንና ቀኑን ለሐኪሙ ንገሩት፤ የክኒኑን ማሸጊያ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ መያዝ ይበቃል። «ምንም አልወሰድኩም» ማለት ሐኪሙን ማሳወር ነው።

ትኩሳት ያለበትን፣ አንገቱ ያበጠን፣ ሳል የሌለውን ልጅ ጉሮሮ አትናቁ። እንጥልም አታስቆርጡ። የልብ በር ሕመም አለባችሁ ወይም ነበረባችሁ የተባላችሁ ደግሞ በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚወጋ የፔኒሲሊን ቀጠሮ ካላችሁ አንዱንም አትዝለሉ፤ ጥርስ ከመነቀላችሁ በፊትም ለጥርስ ሐኪሙ ንገሩ።

የአባታችሁን የደም ግፊት ዛሬ ማታ አስለኩ። ሲጋራ ያጨሱ ነበር? ከ65 ዓመት በላይ ናቸው? ለሌላ ነገር ሆስፒታል ሲሄዱ «የሆድ አኦርታቸው በአልትራሳውንድ ይታይልን» ብላችሁ ጠይቁ። ድንገት የሚሰነጥቅ የሚመስል የደረት፣ የጀርባ ወይም የሆድ ሕመም፣ ላብና ራስ መሳት ከመጣ ግን ፋርማሲ አይታሰብም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

መስኮቱ ጋ ስትቆሙም ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይኼ አንቲባዮቲክ ነው? ማዘዣ አያስፈልገውም? ደም ግፊት ላለበት ሰው ይሆናል? ጥሩ ፋርማሲስት በጥያቄው ደስ ይላታል። እንዲያውም «አልሰጥህም፣ መጀመሪያ ታየ» ካለችህ ጎረቤትህ ናትና አመስግናት። እዚያ ሰፈር አንተን ሽያጭ ብቻ አድርጋ ያላየችህ እሷ ናት።